የሄቲ ዋግስታፍ ሰባት ደቂቃ

የዌንስቢ የሰዓት ማማ ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ስናገር አላፍርም። ሰዓቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያስተካከለው ባለሙያ የመጣው አያቴ ልጅ በነበረበት ዘመን ነው። የኪስ ሰዓቱ መንገድ ላይ ቆሞበት ኖሮ "በምን ልሙላው?" ብሎ ቢጠይቅ፣ የከተማው ሽማግሌዎች "በባቡሩ ሙላው፤ ባቡር አይዋሽም" አሉት። በዚያን ቀን ደግሞ አንዲት ላም ሐዲዱ ላይ ተኝታ ባቡሩ ሰባት ደቂቃ ዘግይቶ ነበር። ባቡሩ በማግስቱ በሰዓቱ ደረሰ፤ እኛ ግን እንደዘገየን ቀረን። ኋላ ሐዲዱም ተነቅሎ ተወሰደ።

በሌላው ዓለም ሦስት ሰዓትና በእኛ ሦስት ሰዓት መካከል ያለችውን ጊዜ "ሰባቷ" እንላታለን። ዝንጉ ሰው "በሰባቷ የተወለደ" ይባላል። ሚስት መጠጥ ቤት ያመሸ ባሏን ስትቆጣ "ሰባቷን ሰባ አደረግሃት" ትለዋለች። የጎረቤታችን ከተማ የስቶክሃም ሰዎች በዚህ ይስቁብናል። ይሳቁ። የስቶክሃም ሰዓት ልክ ነው፤ ነገር ግን ስቶክሃም ውስጥ ቀና ብሎ ሰዓቱን የሚያይ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሰባቷን ከሁላችንም በላይ የጠበቀች ሰው ሄቲ ዋግስታፍ ናት። እንቁላል ሻጭ ነበረች። ቁመቷ ከደረቴ አያልፍም፤ ድምጿ ግን ወንዙን ተሻግሮ ይሰማል። ክረምት ከበጋ አንድ አረንጓዴ ካፖርት ትለብሳለች። ሰውን ሁሉ "ዳክዬ" ብላ ትጠራለች፤ በእኛ በኩል ሰው የሚቆላመጠው እንዲህ ነው። ጳጳሱ ሊጎበኙን በመጡ ጊዜ እንኳ "እንቁላል ልስጥዎ፣ ዳክዬ?" ብላቸዋለች። የእሷ መደብና የእኔ የአይብ መደብ ሐሙስ ሐሙስ ጎን ለጎን ሠላሳ ዓመት ቆመዋል። ስለዚህ ከማንም በላይ የማውቃት እኔ ነኝ፤ ከማንም በላይ የተጣላኋትም እኔው ነኝ።

የዌንስቢ ገበያ ልማድ እንዲህ ነው፦ ደወል ሳይደወል አይሸጥም፣ አይገዛም። ደወሉ የሚደወለው የማማው ሰዓት ሦስት ሲሆን ነው። ከዚያ በፊት ዕቃህን ትደረድራለህ፣ ሻይህን ትጠጣለህ፣ ጎረቤትህን ታማለህ፤ አንዲት ድንች ግን ከእጅህ አትወጣም። ከደወሉ በፊት የሸጠ ሰው ጠረጴዛው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ይዞርና ቀኑን ሙሉ ለግድግዳው ሲሸጥ ይውላል።

ደወሉን ይደውል የነበረው የሄቲ አባት ጆብ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሲሞት ወጣት ወንዶቹ ሁሉ ዘምተው ነበርና ምክር ቤቱ ማን ይተካ እያለ ሲከራከር ሐሙስ ደረሰ። ሄቲ የናሱን የእጅ ደወል ከአባቷ ምስማር ላይ አወረደችና አደባባዩ መሐል ያለው የድንጋይ መስቀል ሥር ቆማ ደወለች። አንዳንድ ሰው አጉረመረመ። ሥጋ ሻጩ ሊቋቋመው አልቻለም።

"ሴት ልጅ የገበያ ደወል ደውላ አታውቅም!" አላት።

"ደወሉ እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ ዳክዬ" አለችው። "አንተም ቢላህን ያዝ፤ ገበያው ተከፍቷል።"

ከዚያ ወዲያ አንድ ሐሙስ አልሳተችም። ልጇ ማርጀሪ የተወለደችው ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ነው። ቤታቸው አደባባዩ ላይ ነውና፣ አዋላጇ እየጮኸችባት በመስኮት ደወለች።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ሳልናገር ባልፍ ደስ ባለኝ ነበር። ንግሥቲቱ ዘውድ የጫነች ዓመት፣ አንድ ዝናባማ ሐሙስ፣ የሙሽራ እናት እየሮጠች መጣችብኝ። "ዊልፍ፣ በሞቴ! ሠርጉ አራት ሰዓት ላይ ነው፣ አይቡን ረስቼው!" አለችኝ። ማማውን አየሁ፤ አራት ደቂቃ ይቀራል። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን አይብ ቆርጬ በጋዜጣ ጠቀለልኩላት። ሄቲ ዘወር ብላ እንኳ አላየችም። ሰዓቱ ሲሞላ ደወሏን ደወለች፤ ከዚያ መጥታ የጠረጴዛዬን አንድ ጫፍ ያዘች።

"ያዝ በዚያ በኩል፣ ዳክዬ።"

"ሄቲ፣ ኧረ ተይ! ጓደኛሽ አይደለሁም?"

"ጓደኛዬማ ስለሆንክ ነው ያዝልኝ የምልህ። ሌላ ሰው ቢሆን ብቻዬን ነበር የማዞረው።"

ያን ቀን አይቤን ለግድግዳ ሳሳይ ዋልኩ። ለባለቤቴ ለዶራ "ታምሜ ነው ያልሸጥኩት" አልኳት። ዝናቡ ገበያተኛ ስላስቀረ ያዩኝ ጥቂት ናቸው፤ ካዩኝ አንዱ ነገሩን ሲያነሳ "እኔ አይደለሁም፣ ወንድሜ ነው" እል ነበር። ወንድሜ ካናዳ ስለገባ አያስተባብልም። ዓመታት ሲያልፉ የዚያን ቀን ሻጮች አንድ በአንድ አለቁና እኔና ሄቲ ብቻ ቀረን። ቂሜን ግን ሃያ አንድ ዓመት አልጣልኩትም።

ከጦርነቱ በኋላ በሃያ ዘጠነኛው ዓመት መንግሥት አገሩን እንደገና ሲሸነሽን ትንሹ ምክር ቤታችን ፈረሰና በስቶክሃም ሥር ገባን። የስቶክሃም ሹማምንት ከዌንስቢ መጀመሪያ ዓይናቸው ያረፈው የገበያ አደባባያችን ላይ ነው። ስልሳ መኪና ያቆማል አሉ። የከለከላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስድስት መቶ ዓመት ያለፈው የንጉሥ ደብዳቤ። ደብዳቤው "በዌንስቢ ሐሙስ ሐሙስ በአገሩ ልማድ ገበያ እስከዋለ ድረስ አደባባዩን ማንም አይንካ" ይላል። እነሱም ገበያው በእርግጥ መዋሉን አይቶ የሚመሰክር ሰው ሊልኩብን ወሰኑ።

ደብዳቤ መጣ፤ ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ተለጠፈ። "ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተመልካች ይገኛል" ይላል። ከተማው ሁሉ አነበበው፤ እኔም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድም ሰው "የማን ሦስት ሰዓት?" ብሎ አልጠየቀም። ሌላ ከተማ ቢሆን አንድ ብልጥ አይጠፋም ነበር። ለእኛ ግን ሦስት ሰዓት ማለት ማማው ላይ ያለው ነው፤ ሌላ ሦስት ሰዓት መኖሩንም ረስተነዋል።

ሐሙስ ዕለት ከበረዶ ጋር የተቀላቀለ ካፊያ ይወርድ ነበር። አሥራ አንድ ሻጮች ነበርን። ሚስተር ፔልሃም የሚባል ቀጭን ሰው ጃንጥላና ጥቁር መዝገብ ይዞ ከመኪናው ወረደ። የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሄቲ ሄደ።

"ስድስት እንቁላል ይስጡኝ እስቲ፣ እመቤት።"

"እንደምን አደሩ፣ ዳክዬ። ትንሽ ይታገሡ።"

"ምን እስኪሆን?"

"ደወሉ እስኪደወል።"

"ማነው የሚደውለው?"

"እኔ።"

"ታዲያ አይደውሉትም?"

"ሰዓቱ አልደረሰማ!"

ሰውየው እጅጌውን ሰብስቦ ሰዓቱን አሳያት። "ሦስት ሰዓት አልፏል እኮ!"

"እርስዎ እጅ ላይ አልፎ ይሆናል። እዚህ ገና ነው።"

"እሺ፣ አንድ ብቻ። ይቺን ቡናማዋን።"

"ጥሩ ዓይን አለዎት። ለይቼ አስቀምጥልዎታለሁ" አለችና እንቁላሏ ላይ በእርሳስ "የባለ ጃንጥላው" ብላ ጻፈችባት።

ወደ ድንች ሻጩ ሄደ፤ አይሆንም። ወደ ዓሣ ሻጩ ሄደ፤ አይሆንም። ክርና መርፌ የምትሸጠው ሴትዮ ጀርባዋን ሰጠችው። አሥራ አንደኛው እኔ ነበርኩ። ቢላዬ አይቡ ላይ ነው። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ምን እንደሚጽፍም አውቃለሁ። ዓይኔ ግን በሰውየው ትከሻ ላይ አልፎ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ አየ። "አይሆንም፣ ጌታዬ" አልኩት። ዞር እንዳለ ወደ ሄቲ ጎንበስ አልኩ።

"ደውይው! ሰውየው ማን እንደሆነ ጠፋሽ?"

"አልጠፋኝም።"

"ገበያውን ይዘጉታል እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!"

"ሦስት ደቂቃ ናት የቀረችው።"

"ለሦስት ደቂቃ ብለሽ?"

"ዛሬ ለእሱ ብዬ ከደወልኩ ከዛሬ ወዲያ የምደውለው ሁሉ ለእሱ ነው" አለችኝ። "ይልቅ ጠረጴዛህን ላዙርልህ እንዴ?"

ሚስተር ፔልሃም ጻፈ፣ መዝገቡን ዘጋ፣ መኪናው ውስጥ ገባ። መኪናው ድልድዩ ላይ ሲደርስ የማማው ሰዓት ሞላ፤ ሄቲም ደወለች። ሰውየው ወደ ኋላ አላየም።

በሳምንቱ ደብዳቤው ደረሰ፤ "ገበያ አልዋለም" ይላል። ቅሬታ ያለው በሁለት ሳምንት ውስጥ ስቶክሃም ቀርቦ ይናገር። ያን ማታ መጠጥ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አልኩ። "ሄቲ እንቁላሉን አልሸጥም ብላ ገበያውን ሸጠችው" አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ይደግመው ነበር። ሴቶች እንቁላላቸውን ከግሮሰሪ መግዛት ጀመሩ። ሄቲ ሐሙስ መጥታ በሰዓቷ ደወለች፤ እንቁላሏንም እንዳመጣችው ይዛ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት ዞር ብላ አየችኝ።

"ያቺን ተረት የፈጠርካት አንተ ነህ አሉ።"

"ማን አለ?"

"ጥሩ ናት። ስለ አይብም አንድ ብትፈጥር ገዢ ታገኝ ነበር፣ ዳክዬ።"

እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን ያን ሌሊት ከእፍረት የተነሣ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጉዳያችን የሚሰማበት ቀን ወደ አርባ የምንሆን ሰዎች ስቶክሃም ሄድን። አውቶቡሱ የስቶክሃም ስለሆነ በሰዓቱ አደረሰን። ሄቲ አረንጓዴ ካፖርቷን ለብሳ፣ ደወሉን በፎጣ ጠቅልላ፣ ያቺን ቡናማ እንቁላል በቅርጫት ይዛ የአዳራሹ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጉዳዩን ሰምታ የምትፈርደው ሰብሳቢ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሽበታም ሴት ነበረች። ሚስተር ፔልሃም ቆሞ መዝገቡን አነበበ።

"አሥራ አንድ ሻጮችን ጠየቅሁ። አሥራ አንዱም እምቢ አሉኝ። አንዷ ዳክዬ ብላኛለች።"

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢዋ አልሳቀችም። "እምቢ ያሉበትን ምክንያት ተናግረዋል?" አለችው።

"ደወል አልተደወለም አሉ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ተመካክረው ይሆን?"

ሚስተር ፔልሃም አሰበ። መቼም ሐቀኛ ሰው ነው። "አይመስለኝም፣ እመቤቴ። ዓሣ ሻጩ ጆሮው አይሰማም" አለ።

የስቶክሃም ምክር ቤት ጠበቃ ብድግ አለ። "ይህ ደወል ለእንግዳ ማሳያ የተቀመጠ ጌጥ ነው" አለ። "ልማድ የሚባለው ሰው የሚታዘዝለት፣ ሲጥሰው የሚቀጣበት ነው። ይህን ደወል ጥሶ የተቀጣ አንድ ሰው አለ?"

ሰብሳቢዋ ወደ ሄቲ ዞረች። "አለ፣ ወይዘሮ ዋግስታፍ?"

ሄቲ ተነሣች። "አለ።"

"ማነው?"

"እሱን አልናገርም። ሰውየው ቅጣቱን ጨርሷል፤ ጠረጴዛው ማታውኑ ወደ ቦታው ተመልሷል። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ማዞር የእኛ አገር ልማድ አይደለም።"

"ስሙን ካልነገሩን ማስረጃ አይሆንም።"

"እንግዲያው ይቅር" አለችና ተቀመጠች።

ወደ እኔ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር። ለሠላሳ ሦስት ዓመት በዝናብ በበረዶ የደወለችለት ገበያ በአንድ ስም ይድናል፤ ስሙን ታውቃለች፣ የስሙ ባለቤት በተረት እንደገደላትም ታውቃለች። ዶራ ጎኔ ተቀምጣለች። ተነሣሁ።

"እኔ ነኝ።"

"ምን አድርገው?" አለችኝ ሰብሳቢዋ።

"ግማሽ ፓውንድ አይብ ሸጬ። በዘውዱ ዓመት። ከደወሉ አራት ደቂቃ በፊት።"

"ማን ቀጣዎት?"

"እሷ። ጓደኛዬ ናት። ቀኑን ሙሉ ለግድግዳ ስሸጥ ዋልኩ።"

"ታምሜ ነው አላልከኝም ነበር?" አለች ዶራ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ። ሰው ሳቀ። የምድር ልብ ቢከፈት እገባ ነበር።

ሳቁ እስኪበርድ ሰብሳቢዋ ጠበቀች። "ከዚያ ወዲህ ከደወል በፊት ሸጠው ያውቃሉ?"

"አላውቅም። እኚህ ሚስተር ፔልሃም አይብ ሲጠይቁኝ፣ እምቢ ብል ገበያችን እንደሚዘጋ እያወቅሁ ነው እምቢ ያልኩት።"

"ለምን?"

"ግድግዳውን አየሁታ፣ እመቤቴ።"

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። "ሚስተር ፔልሃም፣ እርስዎ ያመጡልን ገበያ አለመዋሉን የሚያሳይ ወረቀት አይደለም" አለች። "ገበያቸውን ሊዘጋ ለመጣ ሰው እንኳ ልማዳቸውን ጥሶ አንዲት እንቁላል የሚሸጥለት ሰው የጠፋበት ከተማ ነው ያገኙት። ከዚህ የበለጠ ልማድ አላውቅም። አደባባዩ የገበያ ነው፤ የገበያ እንደሆነ ይኖራል።"

ሰው ተነሥቶ ጮኸ፣ ተቃቀፈ። ዓሣ ሻጩ ምን እንደተባለ ሳይሰማ ከሁሉ በላይ ጮኸ። እኔ በሕይወቴ የዌንስቢ ልጅ በመሆኔ የዚያን ቀን የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም፤ ያኮራኝ ደግሞ ሃያ አንድ ዓመት የደበቅሁት ውርደቴ መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሄቲ ግን በሰው መሐል ተሹለክልካ ሚስተር ፔልሃም ዘንድ ሄደችና እንቁላሏን ዘረጋችለት።

"ያቺ ቡናማዋ ናት።"

ሰውየው ጽሑፉን አነበበ። እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ያዘችው።

"ስጦታ ነው። ስቶክሃም ውስጥ ሸጬ አላውቅም። ደግሞ እንዳይበሏት፣ ዳክዬ፤ ሦስት ሳምንቷ ነው።"

በሚቀጥለው ሐሙስ በጠዋት ገበያ ሄድኩ። "ሄቲ፣ ያቺ ተረት..." ብዬ ስጀምር "የቷ?" አለችኝና ደወሉን እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ቁርጥማት ይዞኛል። ዛሬ አንተ ደውል።" ምንም ቁርጥማት አልነበረባትም። ደወሉ ከመሰለኝ በላይ ይከብዳል። አሥሩ ሻጮች እጃቸውን አጣጥፈው ያዩኛል። "ልደውል?" ስላት "ቀስ በል፣ ገና ናት" አለችኝ፤ ማማውን ሳታይ ነው ያለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየተፈራረቅን ደወልን።

ሄቲ ያረፈችው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በማክሰኞ ቀን ነው። የተቀበረችው ቅዳሜ ነው፤ ቀብሩ ለአምስት ሰዓት ተቀጠረ። አስከሬኑን ያመጣው መኪና የስቶክሃም ስለነበር በሰዓቱ ደረሰ። ቄሱ በዚያ ወር የመጣ ወጣት ነበርና የቤተ ክርስቲያኑን በር ከፍቶ ቆመ። ማንም አልገባም። ከተማው በሙሉ አደባባዩ ላይ በካፊያው ውስጥ እጁን አጣጥፎ ቆመ፤ ቀደም ብሎ የተነጋገረ ሰው አልነበረም። ቄሱ ግራ ገብቶት ወደ እኛ መጣ። አጠገቡ ያገኘው ጃንጥላ የያዘ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ነበር። ሚስተር ፔልሃም መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እጁ ላይ ሰዓት አላሠረም።

"ምንድነው የምትጠብቁት?" አለው ቄሱ። "አምስት ሰዓት ሆኗል እኮ።"

"ገና ነው፣ ዳክዬ" አለው ሚስተር ፔልሃም፣ ማማውን እያየ።

እኔም ደወሉን ይዤ ሰዓቱ እስኪሞላ ጠበቅሁ።